ካርቦን ዳይኦክሳይድና የጥንቷ ምድር ሙቀት፦ የ800,000 ዓመቱን ግራፍ በእጃችሁ ሥሩ፣ ጣናንም ጨምሩበት

ጣና ደርቆ ያውቃል። ዛሬ ጀልባ የሚመላለስበት ሐይቅ ከ17,000 ዓመታት ገደማ በፊት ደርቆ የጠጠረ መሬት ነበር። ከሐይቁ ወለል ተቆፍሮ የወጣው ደለል ይህን በግልጽ ያሳያል። በዚያው ዘመን በከባቢ አየር ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የዛሬውን ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የበረዶው ዘመን በከፋበት ጊዜ፣ ዓለም በአማካይ ከኢንዱስትሪ ዘመን መባቻ በ6 ዲግሪ ገደማ ትቀዘቅዝ ነበር።

እነዚህን ሦስት ነገሮች ምን ያገናኛቸዋል? አንዱ ሰው «ካርቦን ሲጨምር ሙቀት ይጨምራል፣ በቃ» ይላል። ሌላው «የሚቀድመው ሙቀቱ ነው፣ ካርቦኑ ተከታይ ነው» ብሎ ይሞግታል። ሁለቱም የእውነቱን ግማሽ ይዘዋል። ሙሉውን ለማየት ከክርክሩ ወጥቶ ቁጥሩን ራሱ ማየት ይሻላል። ቁጥሩ ደግሞ ለማንም ክፍት ነው፤ በነጻ ይገኛል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በተለይ ለባሕር ዳርና አካባቢዋ ተማሪዎች፣ የሳይንስ ክበብ ለሚመሩ መምህራንና ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ለሚፈልግ ሁሉ ነው። ስትጨርሱ በእጃችሁ የተሠራ ግራፍ ይኖራችኋል። ከዚያም በላይ ግራፉ የሚለውንና የማይለውን ትለያላችሁ።

ምን ያስፈልጋል?

ኤክሴል ወይም ሊብሬኦፊስ ያለው ላፕቶፕ። ኢንተርኔት የሚያስፈልጋችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፋይሎቹ ትንንሽ ስለሆኑ በስልክ ዳታም ይወርዳሉ። መብራት ከመጥፋቱ በፊት ፍላሽ ላይ አስቀምጧቸው፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ ያለ ኢንተርኔት ይሄዳል።

ላፕቶፕ ከሌለ ካሬ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ለዚህ የሚሆኑ ቁጥሮች ሦስተኛው ደረጃ ላይ አሉ።

አንደኛ፦ ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ እወቁ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። በኋላ የሚመጣው ግራ መጋባት አብዛኛው የሚፈጠረው እዚህ ነው።

አንታርክቲካ ላይ የወደቀ በረዶ አይቀልጥም። በየዓመቱ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል። ዶም ሲ በሚባለው ቦታ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ከ3,200 ሜትር በላይ ሰርስረው እንደ ዘንግ የረዘመ በረዶ አውጥተዋል። የታችኛው ክፍል 800,000 ዓመት ያስቆጠረ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ቮስቶክ በሚባለው የሩሲያ ጣቢያ የወጣው ዘንግ የ420,000 ዓመት ታሪክ ሰጥቶ ነበር።

ከዚህ በረዶ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይለካሉ።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። የሚለካው ከበረዶው ከራሱ ነው። በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ ዲውቴሪየም የሚባል ከባድ ሃይድሮጅን የያዘ ጥቂት ውሃ አለ። ከባዱ ውሃ ከደመና ቶሎ ይወርዳል። አየሩ ወደ አንታርክቲካ ሲጓዝ ይበልጥ በቀዘቀዘ ቁጥር ከባዱን መንገድ ላይ ጥሎት ይደርሳል። ስለዚህ በበረዶው ውስጥ ዲውቴሪየም ሲያንስ ዘመኑ ቀዝቃዛ ነበር ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ይህ የአንታርክቲካ ሙቀት እንጂ የዓለም ሙቀት አይደለም።

ሁለተኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የሚለካው በበረዶው ውስጥ ከታሰሩ የአየር አረፋዎች ነው። እዚህ ላይ ግምት የለም፤ የጥንቱ አየር ራሱ ነው የሚለካው። የበረዶውን ቁራጭ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ይፈጩታል፤ የወጣውን አየር ይለካሉ። ልኬቱ ፒፒኤም ይባላል። 280 ፒፒኤም ማለት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 280ዎቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ናቸው ማለት ነው።

«አረፋው እውነቱን እንደሚናገር በምን እናውቃለን?» የሚል ተማሪ ጥሩ ተማሪ ነው። መልሱ፦ ሎ ዶም በሚባለው የአንታርክቲካ ቦታ በረዶ ቶሎ ቶሎ ስለሚከመር አረፋዎቹ እስከ ቅርብ ዘመን ይደርሳሉ። ከዚያ የተለካው አየር በቀጥታ ከአየር ላይ ከተለካው ጋር ይገጥማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አዲስ የወደቀ በረዶ ወንፊት ነው፤ አየር በውስጡ ይመላለሳል። አረፋው የሚዘጋው በረዶው 100 ሜትር ገደማ ወደ ታች ተቀብሮ ሲጨመቅ ነው። ዶም ሲ ላይ በረዶ የሚጥለው በጣም ጥቂት ስለሆነ እዚያ ጥልቀት ለመድረስ ሺህ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ በአንድ ቁራጭ ውስጥ ያለው አየር ከበረዶው በጥቂት ሺህ ዓመታት ያንሳል። አንድ ቁራጭ፣ ሁለት ዕድሜ። ይህን ያዙልኝ።

ሁለተኛ፦ ፋይሎቹን አውርዱ፣ ግን የሚጣጣሙትን

የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ በአጭሩ ኖዋ፣ የጥንት አየር ንብረት ማኅደር አለው። ሁለት ፋይል ፈልጉ፤ ስሞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው። አንደኛው ሉቲና ባልደረቦቹ በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጡት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መዝገብ ነው። ሁለተኛው ዡዜልና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጡት የዶም ሲ የሙቀት መዝገብ ነው። «በእኛ» ካላልኩ በቀር ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ለምን እነዚህ? የካርቦኑ መዝገብ በ2015 ተሻሽሏል፤ አዲሱም ይገኛል። ችግሩ ግን የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የ2007ቱ ሙቀትና የ2008ቱ ካርቦን ኢዲሲ3 በሚባል አንድ የዕድሜ ስሌት ላይ ተቀምጠዋል። የ2015ቱ ካርቦን በሌላ፣ በአዲስ ስሌት ላይ ነው። አዲሱን ካርቦን ከአሮጌው ሙቀት ጋር ካጋባችሁት፣ አንዱ ሌላውን በሺህ ዓመታት የቀደመ መስሎ ይታያችኋል። ያ ቀደምትነት የተፈጥሮ ሳይሆን የፋይል ነው። በመጀመሪያ ሥራችሁ አንድ ዓይነት ስሌት ያላቸውን ተጠቀሙ።

ፋይሉ ውስጥ «ከአሁን በፊት» የሚለው አቆጣጠር «አሁን» የሚለው 1950 እ.ኤ.አ.ን ነው፤ በእኛ 1942። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ የኔጌቲቭ ምልክት ያለው ዕድሜ ብታዩ አትደንግጡ። ከ1950 ወዲህ ያለ ዓመት ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ ግራፉን ሥሩ

ፋይሉን ስትከፍቱ ከላይ ረጅም ማብራሪያ ታገኛላችሁ። አንብቡትና በሌላ ገጽ አስቀምጡት። የሚያስፈልጋችሁ ከካርቦኑ ፋይል የአየሩ ዕድሜና ፒፒኤም ነው። ከሙቀቱ ፋይል ደግሞ የበረዶው ዕድሜና የሙቀት ልዩነት። ሙቀቱ የተጻፈው ካለፈው አንድ ሺህ ዓመት አማካይ ምን ያህል እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ተደርጎ ነው። ቁጥሮቹ በአንድ ኮለም ታጭቀው ከመጡ «ቴክስት ቱ ኮለምስ» በሚለው ትዕዛዝ ለያዩዋቸው።

ግራፍ ስትመርጡ «ላይን» የሚለውን አትምረጡ። «ስካተር» የሚለውን፣ ነጥቦቹን በመስመር የሚያገናኘውን ምረጡ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። «ላይን» እያንዳንዱን ረድፍ በእኩል ርቀት ያስቀምጣል። መዝገቡ ግን እኩል ርቀት የለውም፤ ለቅርቡ ዘመን ነጥቦቹ የተቀራረቡ፣ ለጥንቱ የተራራቁ ናቸው። በ«ላይን» ከሠራችሁት ጊዜው ይጣመማል።

ካርቦኑን በግራው ቋሚ መስመር፣ ሙቀቱን በቀኙ አድርጉ። ኤክሴል ይህን «ሰከንደሪ አክሲስ» ይለዋል። አግድሙን መስመር ገልብጡት፤ ጥንቱ በግራ፣ ዛሬ በቀኝ ይሁን። ግራውን ከ160 እስከ 320፣ ቀኙን ከ-12 እስከ +6 ብታደርጉት ሁለቱም በደንብ ይታያሉ። ከዚህ ላይ አንድ ነገር አሳስባለሁ። ሁለት ቋሚ መስመር ያለው ግራፍ ላይ ሁለቱን መስመሮች እንደፈለጉ ማጠጋጋትም ማራራቅም ይቻላል። ስለዚህ የመስመሮቹ መደራረብ ምንም አያረጋግጥም። ማየት ያለባችሁ መቼ እንደሚወጡና እንደሚወርዱ ነው።

በወረቀት ለምትሠሩ፣ የመጨረሻውን 20,000 ዓመት ብቻ ሥሩ። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ የተጠጋጉ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ ከ20,000 ዓመት በፊት 190፣ ከ18,000 በፊት 190፣ ከ16,000 በፊት 225፣ ከ14,500 በፊት 240፣ ከ11,000 በፊት 265፣ ከ8,000 በፊት 260፣ ከ1,000 በፊት 280። የአንታርክቲካን ሙቀት በተመለከተ፣ በበረዶው ዘመን ጫፍ ከአሁኑ በ9 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ያለ ነበር ብላችሁ ጀምሩ።

አራተኛ፦ መጀመሪያ በዓይን፣ ቀጥሎ በስሌት

ግራፉ እንደ ወጣ ቶሎ ወደ ፎርሙላ አትሩጡ። ትንሽ ዝም ብላችሁ እዩት። ካርቦኑ በበረዶ ዘመናት ወደ 180 ይወርዳል፣ በሞቃታማዎቹ ወደ 280 ይወጣል። በ800,000 ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው 172 ሲሆን ከፍተኛው 300 አካባቢ ነው። መውጣቱ ፈጣን፣ መውረዱ ዘገምተኛ ነው። ከ430,000 ዓመት በፊት የነበሩት ሞቃታማ ዘመናት ደግሞ ከኋለኞቹ ቀዝቀዝ ይላሉ፤ ካርቦናቸውም ያንሳል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ያልፈዋል። ለእኔ ግን ሁለቱ ነገሮች ተያያዥ መሆናቸውን በጣም ከሚያሳምኑኝ ነገሮች አንዱ ነው።

ቀጥሎ ስሌቱ። ሁለቱ መዝገቦች ዓመቶቻቸው ስለማይገጥሙ በየ1,000 ዓመቱ አማካይ አውጡ። «አቨሬጅኢፍስ» የሚለው ፎርሙላ ይህን ይሠራል። ባዶ የቀረ ሴል ካለ ከጎኑና ከጎኑ ባሉት አማካይ ሙሉት። ከዚያ «ኮሬል» በሚለው ፎርሙላ የሁለቱን ተዛምዶ አስሉ። ከ0.8 በላይ ያገኛችሁ እንደሆነ በትክክል ሠርታችኋል።

ይህ ከፍተኛ ቁጥር ነው። ሆኖም ማን ማንን እንዳንቀሳቀሰ አይነግረንም።

አምስተኛ፦ «ቲቸር፣ ታዲያ የቀደመው ማን ነው?»

ይህ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም፣ መነሳትም አለበት። ተማሪ ሲጠይቅ በችኮላ አትመልሱለት።

በበረዶ ዘመን ማብቂያ ላይ ግራፉን አስፉት። በብዙ ቦታ የአንታርክቲካ ሙቀት ትንሽ ቀድሞ፣ ካርቦኑ ተከትሎ የሚወጣ ይመስላል። በ2003 የወጣ አንድ የቮስቶክ ጥናት ከ240,000 ዓመት በፊት በነበረው ማብቂያ ላይ ካርቦኑ በ800 ዓመት ገደማ እንደዘገየ አሳይቷል። «ካርቦን ተከታይ ነው» የሚሉ ሰዎች የሚይዙት ይህን ነው።

አሁን «ያዙልኝ» ያልኳችሁን አስታውሱ። የአየሩና የበረዶው ዕድሜ ልዩነት ሺህ ዓመታት ነው። የልዩነቱ ስሌት ትንሽ ቢሳሳት የመቶ ዓመታት መቅደምና መዘግየት ይፈጠራል። በ2013 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የሚመሩት ቡድን በአረፋው ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ተጠቅሞ ስሌቱን አሻሻለ። ለመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ ያገኘው ውጤት፦ አንታርክቲካና ካርቦኑ አብረው ነው የተነሱት ማለት ይቻላል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሻኩንና ባልደረቦቹ ከመላው ዓለም 80 መዝገቦችን አሰባስበው የዓለምን አማካይ ሙቀት አሰሉ። የዓለም ሙቀት በአመዛኙ ካርቦኑን ተከትሎ ነው የወጣው። አንታርክቲካ ቀደመች፣ ካርቦኑ ወጣ፣ የተቀረው ዓለም ተከተለ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድና ዘንበል ማለቷ ቀስ እያለ ይለዋወጣል። ሚሉቲን ሚላንኮቪች የተባለው የሰርቢያ ሊቅ ያሰላቸው ዑደቶች 23,000፣ 41,000 እና 100,000 ዓመት ገደማ ይረዝማሉ። በሰሜን የበጋ ፀሐይ (በእኛ የክረምት ወራት) ሲበረታ የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ የበረዶ ግግር መቅለጥ ይጀምራል። ቀልጦ የወጣው ንጹህ ውሃ ወደ ሰሜን አትላንቲክ ይገባል። ሙቀት ወደ ሰሜን የሚወስደው የውቅያኖስ ዝውውር ይዳከማል። ሙቀቱ በደቡብ ይቀራል። የደቡብ ውቅያኖስ ይሞቃል፤ ጥልቁ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ለሺህ ዓመታት ይዞት የነበረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለአየሩ ይለቃል። ያ ካርቦን ደግሞ መላውን ዓለም ያሞቃል። ዓለም ሲሞቅ በረዶው ይበልጥ ይቀልጣል።

ስለዚህ ማስነሻው ፀሐይ ነው፤ ካርቦኑ የሚገፋ ነው። የፀሐይ አቀማመጥ ለውጥ ብቻውን 6 ዲግሪ አያመጣም። በበረዶ ዘመንና በሞቃታማ ዘመን መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ሲሶ ገደማው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ትልቅ ድርሻ ያለው ሌላው የበረዶው ንጣት ነው፤ ፀሐይን ይመልሳል።

ውሃ ሲሞቅ ጋዝ እንደሚለቅ ለማሳየት ቀላል ሙከራ አለ። እኩል መጠን ያላቸው ሁለት አምቦ ውሃ ግዙ። አንዱን ፍሪጅ ውስጥ፣ ሌላውን ጥቂት ሰዓት ፀሐይ ላይ አስቀምጡ። የባሕር ዳር ፀሐይ ለዚህ አያንስም። ከዚያ ሁለቱንም ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ፤ የሞቀው ሊገነፍል ስለሚችል ከፊታችሁ አርቁት። በሁለት ብርጭቆ ቅዱና ከአንድ ሰዓት በኋላ ቅመሱ። ቀዝቃዛው አሁንም ምላስ ይቆነጥጣል፤ የሞቀው ለዝቧል። ሁለቱም ውስጥ የነበረው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ግን ለተማሪዎቻችሁ እውነቱን ንገሩ። በበረዶ ዘመን ማብቂያ ላይ ከወጣው ካርቦን የውሃው መሞቅ ብቻ የሚያስረዳው ጥቂቱን ነው። ትልቁ ድርሻ የጥልቁ ውሃ ዝውውር መለወጥ ነው።

በጠርሙስ ውስጥ ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሎ በአምፖል ማሞቅ የሚባለውን ሙከራ ግን አልመክርም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን የአየር ዝውውር ይለውጣል። ቴርሞሜትሩ ቢወጣም ምክንያቱ ከባቢ አየር ውስጥ የሚሆነው ነገር አይደለም። በተሳሳተ ምክንያት የመጣ ትክክለኛ መልስ ተማሪን ይጎዳል።

ስድስተኛ፦ ጣናን በግራፉ ላይ አስቀምጡ

በእኔ አስተያየት የሥራው ጣዕም እዚህ ነው።

ጣና ሰፊ ነው፣ ጥልቅ ግን አይደለም። ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከሐይቁ ከሚወጣው ውሃ ትልቁ ድርሻ በትነት የሚሄደው ነው፤ ዓባይ ቀጥሎ ይመጣል። ዝናብ ለረጅም ጊዜ ቢቀንስና ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ቢደክሙ ሐይቁ አይቋቋምም። የሆነውም ይኸው ነው። በ2007 የታተመ የላምብና ባልደረቦቹ ጥናት ከሐይቁ ወለል የወጣ ደለል መርምሮ የሚከተለውን ቅደም ተከተል አገኘ። ከታች ደርቆ የጠጠረ ደለል። ከላዩ ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ የተከማቸ፣ ጥልቀት ከሌለው ውሃና ከደንገል ረግረግ የቀረ ብስባሽ። ከዚያ ውሃው እየጨመረ፣ መውጫ ግን ስላልነበረው በጥቂቱ ጨዋማ የሆነ ሐይቅ። ከ14,750 ዓመት በፊት ገደማ ደግሞ በድንገት ንጹህ ውሃ፤ ሐይቁ ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰ።

የደንገሉን ነገር እስቲ አስቡት። ዛሬ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የሚበቅለው በዳርቻው ነው። ያኔ የሐይቁ መሐል፣ ጥልቁ ቦታ፣ የደንገል ረግረግ ነበር። ጨዋማነቱን የነገሩን ደግሞ ዳያቶም የሚባሉ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ናቸው። የብርጭቆ ዓይነት ቅርፊት ስላላቸው ደለል ውስጥ ሳይበሰብሱ ይቆያሉ። ጨው የሚወዱት ዝርያዎች በዝተው ከተገኙ ውሃው ጨዋማ ነበር።

አሁን በግራፋችሁ ላይ በ16,700፣ በ15,100 እና በ14,750 ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ምን ታያላችሁ? ጣና ደረቅ በነበረበትና ረግረግ በነበረበት ጊዜ ካርቦኑና የአንታርክቲካ ሙቀት ሽቅብ እየወጡ ነው። ሐይቁ ሞልቶ በፈሰሰበት ጊዜ ደግሞ የአንታርክቲካ ሙቀት መውጣቱን አቁሞ ትንሽ ይወርዳል። ካርቦኑ በ12 ፒፒኤም ገደማ ዘለል ይልና ይቆማል።

«ካርቦን ሲጨምር ጣና ይሞላል» የሚል ቀላል ሕግ እንደሌለ ይህ ብቻ ያሳያል። ግን ነገሮቹ ያልተያያዙም አይደሉም። አምስተኛው ደረጃ ላይ ያየነውን የአትላንቲክ ዝውውር አስታውሱ። ዝውውሩ ሲዳከም ሰሜኑ ይቀዘቅዛል፤ ወደ እኛ የሚመጣው የክረምት ዝናብ ይደክማል። ደቡቡ በአንጻሩ ይሞቃል፤ ጥልቁ ውቅያኖስ ካርቦኑን ይለቃል። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት ጣናን ያደረቀውና ካርቦኑን ሽቅብ የገፋው የአንድ ክስተት ሁለት ገጽታ ነው። ከ14,700 ዓመት በፊት ገደማ ዝውውሩ ሲያንሰራራ ዝናቡ ተመለሰ፣ አንታርክቲካም ትንሽ ቀዘቀዘች። ቪክቶሪያ ሐይቅም እስከ 15,000 ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ የጎጃምና የጎንደር ብቻ አልነበረም። በእነዚያ ዘመናት በስሜን ተራሮችና በባሌ ተራሮች አናት ላይ የበረዶ ግግር ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የዛሬውን የሐይቁን ከፍታ ወስዳችሁ ከዛሬው ካርቦን ጋር አታነጻጽሩ። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጨረጨራ ግድብ ወደ ዓባይ የሚወጣውን ውሃ ይቆጣጠራል። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ውሃ ይወስዳል። የአሁኑ የውሃ ከፍታ የዝናብ ብቻ ሳይሆን የሰው ውሳኔም ነው። እምቦጩንም ቢሆን በሙቀት ብቻ ማመካኘት አይሆንም፤ ከማሳና ከከተማ ተጠርጎ የሚገባው ንጥረ ነገር ይመግበዋል።

ሰባተኛ፦ የአሁኑን ዘመን ጨምሩ

ሃዋይ በሚገኘው የማውና ሎዋ ተራራ ላይ ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 እ.ኤ.አ. መለካት ሲጀምር ካርቦን ዳይኦክሳይድ 315 ፒፒኤም ነበር። በ2024 የዓመቱ አማካይ ወደ 425 ደርሷል። ይህን ነጥብ በግራፋችሁ ላይ ለማስቀመጥ ስትሞክሩ ቦታ አይኖረውም። ግራውን መስመር እስከ 440 ዘርጉት። አግድሙ 800,000 ዓመት ስለሆነ አዲሱ ጭማሪ በቀኝ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ይሆናል።

ፍጥነቱን አስሉ። ከ18,000 እስከ 11,000 ዓመት በፊት ከ190 ወደ 265 ወጣ። 75 ፒፒኤም በ7,000 ዓመት፤ በመቶ ዓመት አንድ ፒፒኤም ገደማ። በመሐል ከ10 እስከ 15 ፒፒኤም በአንድ ወይም በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ የዘለለባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ የተፈጥሮ ፈጣኑ እሱ ነው። ከ1994 እስከ 2024 ግን ከ359 ወደ 425 ሄዷል። 66 ፒፒኤም በ30 ዓመት።

ካርቦኑ ሙቀቱን የሚገፋበትን ጉልበትም ማስላት ይቻላል። አዲሱን ፒፒኤም ለቀድሞው አካፍሉ፤ የዚህን ሬሾ ሎጋሪዝም በካልኩሌተር ላይ «ኤልኤን» በሚለው አውጡና በ5.35 አባዙ። ከ180 ወደ 280 ሲሄድ በካሬ ሜትር 2.4 ዋት ይሆናል። ከ280 ወደ 425 ሲሄድ 2.2 ዋት። ከበረዶ ዘመን ወጥተን ሞቃታማው ዘመን ስንገባ ካርቦኑ የሰጠውን ግፊት ያህል እኛ በሦስት መቶ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ጨምረናል። ውቅያኖሱና በረዶው ቀስ ብለው ስለሚከተሉ ሙቀቱ ገና ሙሉ በሙሉ አልታየም። እንዲያም ሆኖ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት የ2024ን ሙቀት ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው አማካይ በ1.55 ዲግሪ ከፍ ያለ ብሎታል።

«ድሮ ውቅያኖሱ ከለቀቀው አሁንስ እሱ አይደለም ወይ?» ለሚል ተማሪ ሦስት ማስረጃ አለ። በውቅያኖሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ዛሬ እየጨመረ፣ ውሃውም አሲዳማ እየሆነ ነው፤ የሚለቅ ቢሆን ይቀንስ ነበር። በአየር ውስጥ የካርቦን 13፣ ማለትም የከባዱ የካርቦን ዓይነት፣ ድርሻ እየቀነሰ ነው፤ ከዕፅዋት የመጣ የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ሲቃጠል የሚሆነው ይህ ነው። ኦክስጅንም በትንሹ እየቀነሰ ነው፤ የተቃጠለ ነገር አለ ማለት ነው።

ስምንተኛ፦ ከበረዶው ባሻገር

በጥር 2025 እ.ኤ.አ. አንድ የአውሮፓ ቡድን በዶም ሲ አቅራቢያ 2,800 ሜትር ሰርስሮ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ በረዶ አውጥቷል። ከዚያ በላይ ለጠለቀ ዘመን ሳይንቲስቶች በባሕር ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታትን ቅርፊትና የጥንት ቅጠሎችን ቀዳዳ ይመረምራሉ። ልኬቱ እንደ አረፋው የጠራ አይደለም። ግን አንድ ነገር ልጨምር፦ ድንቅነሽ ሐዳር ላይ በኖረችበት ዘመን፣ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 400 ፒፒኤም አካባቢ ነበር። ዓለምም ከኢንዱስትሪ ዘመን መባቻ ከ2.5 እስከ 4 ዲግሪ ትሞቅ ነበር፤ የባሕር ከፍታ ከዛሬው ብዙ ሜትር ይበልጥ ነበር።

ለመቀጠል የሚፈልግ ክበብ

ከዚያው ማኅደር የዶም ሲን የሚቴን መዝገብ አውርዱ፤ የ2008ቱን፣ የሉለርግና ባልደረቦቹን። በዚያው በኢዲሲ3 ስሌት ላይ ነው። ሚቴን በብዛት የሚወጣው ከሞቃታማው የዓለም ክፍል ረግረጎች ነው፤ ዝናብ ሲበዛ እሱም ይበዛል። በሦስተኛ ቀለም ጨምሩትና ከ14,700 ዓመት በፊት ገደማ ያለውን ፈልጉ። ቀጥ ብሎ ሲዘል ታገኙታላችሁ። ዝላዩ ጣና ወደ ዓባይ ከፈሰሰበት ዘመን ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ በራሳችሁ ለኩ። የደለሉም ሆነ የበረዶው ዕድሜ የመቶ ዓመታት ስህተት ሊኖረው ስለሚችል የስህተቱን ስፋት በግራፉ ላይ በጥላ አሳዩት።